ከሐኪም የእጅ ጽሑፍ ወደ ኮምፒዩተር ማዘዣ፤ ለፋርማሲስቱ ምን ይጠቅመዋል?

ባለፈው ክረምት የአክስቴን የሐኪም ማዘዣ ይዤ አንድ ሆስፒታል ደጃፍ ላይ ወዳለ ፋርማሲ ገባሁ። ባንኮኒው ጀርባ የቆመችው ወጣት ፋርማሲስት ወረቀቱን አየችው፤ ወደ መብራቱ አስጠጋችው፤ ባልደረባዋን ጠራችው። ሁለቱ ጎንበስ ብለው ከተመካከሩ በኋላ «ይቅርታ ጋሼ፣ አንደኛውንና ሦስተኛውን እንሰጥዎታለን፤ ሁለተኛውን ግን ዶክተሩ አጥርተው ይጻፉልዎትና ይመለሱ» አለችኝ።

«እናንተ የተማራችሁት ይህንን ለማንበብ አይደል እንዴ?» ብዬ ተቆጣሁ። እሷ አልተቆጣችም። «ሁለት የተለያየ መድኃኒት ይመስላል። ገምቼ ብሰጥዎት ለእርስዎም ለእኔም አይበጅም» ብላ ወረቀቱን መለሰችልኝ። ሆስፒታሉ ስደርስ ሐኪሙ ሥራቸውን ጨርሰው ሄደዋል። አክስቴ ያን ዕለት የደም ግፊት መድኃኒቷን ሳትወስድ አደረች። ያገኘችው በማግሥቱ ረፋዱ ላይ ነው።

ቁጣዬ ሲበርድ፣ የሕግ ሰው ነኝና፣ ነገሩን እንደ ክስ መዝገብ አገላብጬ አየሁት። ወጣቷ ትክክል ነበረች። ያልተነበበውን ጽሑፍ የጻፈችው እሷ አይደለችም። ሆኖም ገምታ ሰጥታኝ አክስቴ ብትጎዳ ኖሮ ከሐኪሙ ጋር፣ ምናልባትም ከሐኪሙ ይልቅ፣ ተጠያቂ የምትሆነው እሷ ነበረች። ሌላው ዓለም ይህንን ችግር ለማቃለል የኤሌክትሮኒክ ማዘዣን መጠቀም ከጀመረ ቆይቷል። ለመሆኑ ይህ አሠራር ለፋርማሲስቱ ምን ያደርግለታል? የማያደርግለትስ ምንድን ነው?

አንድ ቃል፣ ሁለት መድኃኒት

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ አንድ የአስም ሕመምተኛ ደረቱን ታሞ ሐኪም ዘንድ ቀረበ። ሐኪሙ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር አሞክሲል የተባለውን አንቲባዮቲክ ጻፉለት። ፋርማሲስቱ ግን ቃሉን «ዳኦኒል» ብሎ አነበበው። ዳኦኒል የስኳር ሕሙማን የሚወስዱት፣ በደም ውስጥ ያለውን የስኳር መጠን የሚያወርድ መድኃኒት ነው። የስኳር በሽታ የሌለበት ይህ ሰው መድኃኒቱን ወሰደ፤ ዘላቂ የአንጎል ጉዳትም ደረሰበት።

ፍርድ ቤቱ 119,302 ፓውንድ ካሳ እንዲከፈል ወሰነ። ከካሳው ሐኪሙ 25 በመቶውን፣ የፋርማሲው ወገን ደግሞ 75 በመቶውን እንዲሸፍኑ ተደረገ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1989 ውሳኔውን አጸናው። ጽሑፉ የማይነበብ ሆኖ ሳለ ሦስት አራተኛው ዕዳ በአንባቢው ላይ መውደቁ ብዙዎችን ሊያስገርም ይችላል። የፍርዱ ምክንያት ግን ግልጽ ነው። ወረቀቱ ላይ ሌሎች ፍንጮች ነበሩ። የታዘዘው መጠን 250 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ነው፤ ዳኦኒል ግን በ5 ሚሊ ግራም እንክብል የሚመጣ መድኃኒት ነው። በዚያ ላይ ታካሚው የመድኃኒቱን ክፍያ ከፍሏል፤ በእንግሊዝ ደግሞ የስኳር ሕሙማን ከክፍያ ነጻ ናቸው። ፋርማሲስቱ እነዚህን ፍንጮች አይቶ ሐኪሙን መጠየቅ ነበረበት ተባለ።

በአሜሪካ ቴክሳስም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1995 አንድ የልብ ሐኪም ኢሶርዲል የተባለ መድኃኒት 20 ሚሊ ግራም በየስድስት ሰዓቱ እንዲወሰድ አዘዙ። ፋርማሲው ቃሉን ፕሌንዲል ብሎ አንብቦ በዚያው መጠን ሰጠ። ፕሌንዲል ከፍተኛው የቀን መጠኑ 10 ሚሊ ግራም የሆነ የደም ግፊት መድኃኒት ነው። ታካሚው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1999 ጉዳዩን ያየው ጁሪ 450,000 ዶላር ካሳ ፈረደ፤ ሐኪሙና የፋርማሲው ወገን እኩል እንዲካፈሉትም ወሰነ።

አደጋው በመድኃኒት ስም ብቻ የሚመጣ አይደለም። «ዩኒት» ለማለት የምትጻፈው አንዲት የላቲን ፊደል ዜሮ መስላ 10 ዩኒት ኢንሱሊን 100 ተብሎ ሊነበብ ይችላል። 1.0 ተብሎ የተጻፈ ቁጥር ነጥቡ ካልታየ 10 ይሆናል። ማይክሮ ግራምና ሚሊ ግራም በእጅ ጽሑፍ ሲምታቱ ልዩነቱ የሺህ እጥፍ ነው።

የእኛስ ሕግ ምን ይላል?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2028 ማንም ሰው በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ካደረሰ እንዲክስ ያዛል። በአንቀጽ 2031 ደግሞ አንድን ሙያ የሚሠራ ሰው የሙያውን ደንብ አክብሮ እንዲሠራ ግዴታ ይጥላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 543 የሌላውን ሕይወት፣ ጤንነት ወይም ደኅንነት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ሰው ቢገድል ቅጣቱን ያከብድበታል።

ከእነዚህ ድንጋጌዎች የምንረዳው ፋርማሲስት የተጻፈለትን አንብቦ ዕቃ የሚያቀብል ሻጭ አለመሆኑን ነው። እሱ በሐኪሙና በታካሚው መካከል የቆመ የመጨረሻው ተቆጣጣሪ ነው። መድኃኒቱ ትክክል መሆኑን፣ መጠኑ ከታካሚው ዕድሜ ጋር መጣጣሙን፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር አለመጋጨቱን ያጣራል፤ ለታካሚውም አወሳሰዱን ያስረዳል። ይሁን እንጂ የሥራ ሰዓቱን ጽሑፍ በመፍታት፣ ስልክ በመደወልና መዝገብ በመሙላት የሚጨርስ ባለሙያ ለዚህ ዋና ተግባሩ የሚተርፈው ጊዜ ትንሽ ነው። ሕግ ኃላፊነቱን ሲጭንበት አሠራሩ ደግሞ ኃላፊነቱን የሚወጣበትን ጊዜ ይነሳዋል። የኤሌክትሮኒክ ማዘዣ ትልቁ ጥቅምም ይህንን ጊዜ መመለሱ ላይ ነው።

ኤሌክትሮኒክ ማዘዣ ሲባል

በኮምፒዩተር ተጽፎ የታተመ ወረቀት ወይም በስልክ ፎቶ ተነስቶ በቴሌግራም የተላከ ማዘዣ ኤሌክትሮኒክ ማዘዣ አይደለም። ኤሌክትሮኒክ ማዘዣ ማለት ሐኪሙ በኮምፒዩተር አዘጋጅቶ፣ በኤሌክትሮኒክ ፊርማ ፈርሞ፣ ደኅንነቱ በተጠበቀ መረብ የሚልከው፣ ፋርማሲውም በራሱ ሥርዓት ውስጥ በቀጥታ የሚቀበለው ሕጋዊ ሰነድ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ስዊድን የመጀመሪያውን ኤሌክትሮኒክ ማዘዣ ያስተላለፈችው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. በ2010 በአገር አቀፍ ደረጃ ተግባራዊ አድርጋዋለች፤ ታካሚው ማንኛውም ፋርማሲ ገብቶ መታወቂያውን ሲያሳይ ማዘዣው ይገኛል። የአሜሪካዋ ኒውዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2016 ጀምሮ፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ሐኪሞች በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲያዝዙ አስገድዳለች። አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሐኪም ቤት ሲሄዱ «መድኃኒትዎን ከየትኛው ፋርማሲ ይወስዳሉ?» የሚለውን ጥያቄ የለመዱት በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉም ይልቅ ለእኛ ትምህርት የሚሆነው የእንግሊዝ ጉዞ ይመስለኛል። እንግሊዞች ሥራውን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ማዘዣው በኮምፒዩተር ቢላክም ሕጋዊው ሰነድ ሐኪሙ የፈረመበት ወረቀት ነበር። ስለዚህ ፋርማሲስቱ መልእክቱ ቢደርሰውም ወረቀቱን መጠበቅ ግድ ሆነበት፤ ጥቅሙም ትንሽ ሆነ። ለውጡ የመጣው እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በኤሌክትሮኒክ የተፈረመው ማዘዣ ራሱ ሕጋዊ ሰነድ ሲሆን ነው። ሐኪሙ የግል ካርዱን አስገብቶ በምሥጢር ቁጥሩ ይፈርማል፤ ማዘዣው «ስፓይን»፣ ማለትም አከርካሪ፣ ወደሚባለው ብሔራዊ ሥርዓት ይገባል፤ ታካሚው የመረጠው ፋርማሲ ከዚያ ያወርደዋል። እ.ኤ.አ. ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ፋርማሲ ያልመረጡ ታካሚዎችም እንዲጠቀሙበት በአገር አቀፍ ደረጃ ተስፋፋ። አሁን በእንግሊዝ ከሆስፒታል ውጭ በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ከሚሰጡ አሥር ማዘዣዎች ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት በዚህ መንገድ ያልፋሉ።

ለፋርማሲስቱ የሚሰጠው ጥቅም

አንደኛው ጥቅም ከንባብ ያለፈ ነው። ሐኪሙ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠን፣ አወሳሰድና ብዛት በየቦታው ሳይሞላ ማዘዣውን እንዳይልክ ማድረግ ይቻላል። በእንግሊዝ እያንዳንዱ መድኃኒት ከነመጠኑና ከነቅርጹ የራሱ መለያ ኮድ አለው፤ የሐኪሙም የፋርማሲውም ኮምፒዩተር አንድ መዝገበ ቃላት ይጠቀማሉ። አሞክሲልና ዳኦኒል በጽሑፍ ቢመሳሰሉ እንኳ በኮድ አይመሳሰሉም።

ሁለተኛው፣ ድጋሚ መጻፍ ይቀራል። በወረቀት አሠራር ፋርማሲስቱ ያነበበውን ወደ ኮምፒዩተሩ ወይም ወደ መዝገቡ ይገለብጣል፤ ከዚያም በመድኃኒቱ ፓኮ ላይ ይጽፋል። እያንዳንዱ ግልበጣ አዲስ የስህተት በር ነው። በኤሌክትሮኒክ አሠራር ግን ፓኮው ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ የሚዘጋጀው ከማዘዣው መረጃ ነው።

ሦስተኛው፣ ሥራው ከታካሚው ቀድሞ ይደርሳል። ፋርማሲስቱ መድኃኒቱ መኖሩን ያያል፤ ከሌለ ከአከፋፋይ ያዛል፤ ጥያቄ ካለው ታካሚው ሳይመጣ ሐኪሙን ያነጋግራል። ሐኪሙም ስህተት ካገኘ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ማዘዣውን መሰረዝ ይችላል። እንደ ደም ግፊትና ስኳር ላሉ የዕድሜ ልክ ሕመሞች በእንግሊዝ እስከ 12 ወር የሚያገለግል ተደጋጋሚ ማዘዣ በአንድ ፊርማ ማዘጋጀት ይቻላል። ቀድሞ የፋርማሲ ሠራተኞች በየሐኪም ቤቱ እየዞሩ የወረቀት ማዘዣ ይሰበስቡ ነበር፤ ያ ድካም በእጅጉ ቀንሷል።

አራተኛው ከማጭበርበር ጋር ይያያዛል። የተሰረቀ የማዘዣ ጥራዝ፣ የተቀረጸ ማኅተም፣ 10 የነበረውን 100 ያደረገ እስክሪብቶ፣ ተገልብጦ በሁለት ፋርማሲ የቀረበ ወረቀት፤ እነዚህን ሁሉ በዓይኑ ብቻ እንዲለይ የሚጠበቀው ፋርማሲስቱ ነው። ሐኪሙ በራሱ ካርድ የፈረመውና አንድ ፋርማሲ ሲያወርደው ለሌላው የሚዘጋው ማዘዣ ግን ይህንን ጥርጣሬ በብዙ ያቀልለታል። በተለይ እንደ ሞርፊን ላሉ ጥብቅ ቁጥጥር ለሚደረግባቸው መድኃኒቶች ጥቅሙ የጎላ ነው።

አምስተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው። የእንግሊዝ ፋርማሲዎች የሰጡትን መድኃኒት ዋጋ ከመንግሥት ለመቀበል በየወሩ መጨረሻ የወረቀት ማዘዣዎችን ለይተው፣ አስረው ይልኩ ነበር። ወረቀቱ ከጠፋ ገንዘቡም ጠፋ ማለት ነው። ዛሬ የኤሌክትሮኒክ ማዘዣዎቹ የክፍያ ጥያቄ በኮምፒዩተር ይሄዳል። የጤና መድኅን እየተስፋፋ ባለበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስድስተኛው ማስረጃ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እንደሚባለው ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳዘዘና ማን፣ መቼ፣ ምን እንደሰጠ በሥርዓቱ ውስጥ ተመዝግቦ ይቀራል። ክርክር ቢነሳ ፋርማሲስቱ የደበዘዘ ወረቀት ይዞ አይከራከርም። በአንጻሩ የእሱም ጥፋት እንዲሁ ተመዝግቦ ይቆያል፤ መዝገብ ለማንም አያዳላምና።

ኮምፒዩተሩ የማይፈታው

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ኤሌክትሮኒክ ማዘዣ የማይነበበውን ጽሑፍ ያጠፋል እንጂ ስህተትን አያጠፋም። ሐኪሙ ከስም ዝርዝር ውስጥ ሲመርጥ ጣቱ ወደ ቀጣዩ መስመር ሊንሸራተት ይችላል። ለመገጣጠሚያ ሕመም በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወሰደው ሜቶትሬክሴት «በየቀኑ» ተብሎ ቢመረጥ ጽሑፉ ጥርት ያለ ሆኖ መጠኑ ገዳይ ሊሆን ይችላል። ሻካራ የእጅ ጽሑፍ ቢያንስ ያጠራጥራል፤ ባማረ ፊደል የተጻፈ ስህተት ግን ያሳምናል። የማስጠንቀቂያ መልእክትም ሲበዛ ባለሙያው ሳያነብ መዝጋት ይለምዳል።

በመደርደሪያው ላይ የሚፈጠረውን ስህተትም ማዘዣው ብቻውን አያቆመውም። እንግሊዝ ውስጥ አንዲት ፋርማሲስት ፕሬድኒሶሎን መስጠት ሲገባት ፕሮፕራኖሎል በመስጠቷ እ.ኤ.አ. በ2009 የሦስት ወር የገደብ እስራት ተፈርዶባት ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት በይግባኝ ወደ 300 ፓውንድ ቅጣት ዝቅ ተደረገላት። ከዚህ ጉዳይ በኋላ በተደረገ ረዥም ክርክር እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሕግ በቅን ልቦና ለተሳሳተና ስህተቱን ላልሸሸገ ፋርማሲስት የመከላከያ ክርክር ሰጥቷል። ቴክኖሎጂው ሲሻሻል ሕጉም አብሮ መታየቱን ልብ ይሏል።

ሥርዓቱ ሲቋረጥስ? እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2024 በአንድ የደኅንነት ሶፍትዌር ማሻሻያ ጉድለት በዓለም ዙሪያ ኮምፒዩተሮች ሲቆሙ፣ በርካታ የእንግሊዝ ሐኪም ቤቶች ወደ ወረቀት ማዘዣ ለመመለስ ተገደዋል። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር የወረቀቱ አሠራር ተጠባባቂ ሆኖ መቆየት ይኖርበታል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

በአገራችን በአንዳንድ የመንግሥትና የግል ሆስፒታሎች ማዘዣ ከሐኪሙ ክፍል ወደ ሆስፒታሉ ፋርማሲ በውስጥ መረብ መላክ ተጀምሯል። ከግቢው ሲወጣ ግን ታካሚው በአብዛኛው ወረቀቱን ይዞ ከፋርማሲ ፋርማሲ ይዞራል።

የሕጉ መሠረት በከፊል ተጥሏል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ወጥተዋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች ይመድበዋል። ታካሚውን በትክክል ለመለየት የፋይዳ መታወቂያ ሊረዳ ይችላል።

ሥራው በአግባቡ እንዲሄድ ግን በእኔ እምነት አራት ነገሮች በዝርዝር መመሪያ በግልጽ ሊደነገጉ ይገባል። በመጀመሪያ በኤሌክትሮኒክ የተፈረመው ማዘዣ ራሱ ሕጋዊ ሰነድ መሆኑ ይነገር፤ አለበለዚያ የእንግሊዝን የ2005 ግማሽ እርምጃ እንደግማለን፤ ፋርማሲስቱም ሁለት ሥራ ይሠራል። ቀጥሎ ሁሉም የሚጠቀምበት አንድ የመድኃኒት ኮድ መዝገብ ይኑር። ሦስተኛ፣ የታካሚው ፋርማሲ የመምረጥ መብት ይጠበቅ። የእንግሊዝ ደንብ ሐኪሙ ታካሚውን ወደ አንድ ፋርማሲ እንዳይመራ የሚከለክለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ማዘዣው በአንድ ቁልፍ የሚላክ ከሆነ ሁሉንም ወደ ዘመድ ፋርማሲ መላክም በአንድ ቁልፍ ነውና። በመጨረሻም የታካሚውን መረጃ ማን እንደሚያይ፣ ያየውስ ሰው እንዴት እንደሚታወቅ ይወሰን።

ያቺን ወጣት ፋርማሲስት አሁንም አስታውሳታለሁ። ያን ዕለት የነበራት አማራጭ ሁለት ብቻ ነበር፤ መገመት ወይም እኔን መመለስ። ኮምፒዩተሯ ላይ የሐኪሙ ትእዛዝ በግልጽ ቢታያት፣ ጥያቄ ቢኖራትም ወዲያው ለሐኪሙ ብትልክ ኖሮ፣ አክስቴ መድኃኒቷን በዚያው ምሽት ትወስድ ነበር። ከእኔ ጋር በመነታረክ ያለፈው ጊዜም «ይህንን መድኃኒት ከምን ጋር መውሰድ የለባቸውም?» ለሚለው ጥያቄ ይውል ነበር። የተማረችውም ለዚህ ነው። በዚህ አጋጣሚ ይቅርታ ልላት እወዳለሁ።

ቸር እንሰንብት!